ወተቷ በሰማይ

ከባሕር ዝቅ ያለ፣ በግድብ የኖረ፣
ፍሪስላንድ ሜዳ ላይ፣ ነፋሱ ያልታሰረ፣
ሲትስኬ ትኖራለች ከሰባ ላም ጋራ፤
ማሽኑ በቁጥር፣ እሷ በስም ስትጠራ።
እሱ «አርባ ሁለት» ሲል፣ እሷ «ክላስካ» ትላለች፤
ላሟ ለቁጥሩም ለስሙም ጆሮዋን ታዘነብላለች።

አላቢው ብረት ነው። ቀይ ብርሃን አብርቶ
ጡት በጡት ይፈልጋል፤ አጥቦ፣ ስቦ፣ ለክቶ
እያንዳንዷን ጠብታ ወደ ላይ ይልካል ቆጥሮ፣
«ደመና» ወደሚሉት ጓዳ፣ ቁልፉ ከማታውቀው ሰው አድሮ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ
ያለ ሰው ካለ፣ መጥቶ ይህን በረት ይይ፤
የሷ ላም ከምድር፣ ወተቷ ከሰማይ።

ዋጋውን ከፍላለች፤ ስድስት ዓመት፣ በየወሩ።
የባንኩ ደረሰኝ አለ፣ ከመሳቢያው፣ ከነክሩ፣
ከባሏ ከያፒክ የኪስ ሰዓት ጎን ተኝቶ።
ሰዓቱ ቆሟል፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ረግቶ፤
ቢቆምም የሷ ነው።

በኅዳር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ክንዱ ታጠፈ። ከስክሪኑ ላይ አንድ መስመር በራ፦
«የአገልግሎት ፈቃድዎ ጊዜው አልፏል።»
ማሽኑን የሸጠላት ድርጅት ራሱ ተሽጧል፤
ገዢው ለሌላ ገዢ፣ ያም ስሙን ለውጧል።

ደወለች። «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው፤ ተራዎን ይጠብቁ።»
ላሞቹም በተራ ቆመዋል፣ ጡታቸው ተወጥሮ፣ እየተጨነቁ።
በመጨረሻ አንዲት ልጅ፣ ፀሐይ ከወጣበት አገር፣ በትሑት ድምፅ፦
«እመቤቴ፣ ብረቱ የርስዎ ነው፤ ይህን ማንም አይክድ።
የሚያነቃው ግን የኛ ነው፤ በኪራይ። ውሉ ላይ አለ፣ ገጽ ሠላሳ አንድ።»

ውሉን አላነበበችም። ከግርጌው «እስማማለሁ» የሚል ሳጥን ነበር፤
ጥጃ እያዋለደች፣ ደም በነካው ጣት ነካችው፣ በግርግር።

ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳ።
በዚያች ሌሊት የጮኹት ግን ላሞቹ ናቸው፤
ሰባ ጉሮሮ፣ ከሜዳ እስከ ሜዳ።

ዊብረን ደረሰ፣ በሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርት ጥሎ፤
ልጁም ተከተለው፣ የእጅ ባትሪ አንጠልጥሎ።
አፍኬ፣ በሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ባለሦስት እግር በርጩማ ይዛ መጣች፤
ማንንም ሳትጠይቅ ከክላስካ ሥር ተቀመጠች።
ሲትስኬ የልብስ መቆንጠጫውን ከባልዲው ዘርግፋ፣
ዝቅ አለች፣ ግንባሯን ከአንዷ ላም ጎን አሳርፋ።
እጇ መጀመሪያ አፈረ። ኋላ አስታወሰ፤
ሽርር… ሽርር… የቆርቆሮው ጩኸት ወፈረ፣ አረፋው ከአፉ ደረሰ።

ሲነጋ ሩርድ ቦቴውን ይዞ መጣ፤ ራሱን ነቀነቀ።
«ማሽኑ ያልመዘነውን አልጭንም» አለ፤ ዓይኑ መሬት ላይ ወደቀ።
ለጥጆቹ ሰጡ። በድስት፣ በጀሪካን፣ ለመንደሩ ቀዱ።
የተረፈው ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ዳክዬዎች በነጭ ውኃ ላይ ሄዱ።

እኩለ ቀን ሲሆን የባንክ ካርዷን አስጠጋች።
ሳበ። ለካ። ቆጠረ። ወደ ላይ ላከ።
ክላስካ ከወረፋው ውስጥ ዘወር ብላ አየቻት፣
ተራዋ እንደደረሰ ሌላ ላም።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ሲትስኬ!»
ክንዱ ተዘረጋ፣ ቀዩ ብርሃን በራ።
በመዝገቡ ያለፈው ሌሊት፦ ሰባ ላም፣ ዜሮ ሊትር።
ከዜሮው ጎን ምክር፦ «ላሞችዎ ነጥፈዋል፤ ሐኪም ይጥሩ።»

መዳፏን አሸተተች።
ወደ ማታ አፍኬ በርጩማዋን ልትወስድ ብትመጣ፣
«ተያት፣ እዚህ ትደር» አለቻት።